የዌልስ ጳጳሳት ሰሌዳ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

መነሻ

ሥራው ባጭሩ ይሄ ነው፦ ስዋንዚ ላለው የቁምስናችን አዳራሽ የሜኔቪያ ካቶሊክ ሀገረ ስብከት ጳጳሳትን ታሪክ የሚያሳይ የግድግዳ ሰሌዳ መሥራት። እስካሁን የተሰቀለው በፍሬም የገባ በታይፕ የተመታ ወረቀት ነው፣ ስምና ዓመት ከላይ ወደ ታች ተደርድሮ፣ አንደኛው ፍራንሲስ ሞስቲን 1898 ይላል የመጨረሻው ዳንኤል መሊንስ 1987–2001፣ ከዛ ወዲህ የመጣ ሰው የለም። ቆሞሳችን "የቀሩትን ጨምርና አሳምረህ ጻፈው" ነው ያሉኝ፣ እኔ ደሞ እንጨት ሥራ ስለምወድ እሺ አልኩ። (ዓመቶቹም ቀኖቹም በሙሉ በፈረንጅ ናቸው፣ እያንዳንዱ ላይ እ.ኤ.አ. እያልኩ አላደክማችሁም።)

ዕቃ፦ 2.44 በ1.22 ሜትር የሆነ 12 ሚሊ ኮምፔንሳቶ፣ ነጭ ፕራይመር፣ ቡኒ ብጫ ቀይ አረንጓዴ ሰማያዊ ቀለም፣ ማስኪንግ ቴፕ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጭን ብሩሽ፣ ማት ቫርኒሽ። ትራፓኖና ውሃ ልክ ቤት አለ።

ቅዳሜ፣ ዲዛይን

ስሞቹን ኤክሴል ላይ ሳስገባ ሥራው የግማሽ ቀን መስሎኝ ነበር፣ ጄምስ ሃኒጋን ጋ ስደርስ ግን ነገሩ ቆመ። ወረቀቱ ሃኒጋን የሜኔቪያ ጳጳስ 1983–1987 ይላል። ልክ ነው። ግን በ1987 ሰውየው አልሞቱም፣ ጡረታም አልወጡም፣ ከወንበራቸውም አልተነሱም። የካቲት 12 ቀን 1987 ሮም የሜኔቪያን ሀገረ ስብከት ለሁለት ከፈለችውና ሰሜኑ ሬክሰም የሚባል አዲስ ሀገረ ስብከት ሆነ፣ የሜኔቪያ ካቴድራል ደሞ ድሮም ሬክሰም ከተማ ነበረ፣ ስለዚ ሃኒጋን እዛው ከተማ እዛው ካቴድራል እንደተቀመጡ የሬክሰም የመጀመሪያ ጳጳስ ሆኑ፣ እስከ 1994 ድረስ። ሜኔቪያ የሚለው ስም ግን ተነስቶ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሄደና ስዋንዚ ላይ አረፈ።

የሚገርመው ስዋንዚ ራሷ ናት። ከ1898 እስከ 1987 ድረስ ስዋንዚ የሜኔቪያ አካል ሆና አታውቅም፣ መጀመሪያ የኒውፖርት በኋላ የካርዲፍ ነበረች። በአንድ ቀን ተነስታ የሜኔቪያ መንበር ሆነች። ታድያ ስም ከላይ ወደ ታች ስትደረድር ይሄ ሁሉ ይጠፋል፣ አንድ መሬት ላይ አንዱ ጳጳስ ሌላውን እየተካ የመጣ ነው ሚመስለው። መሬቱ ከስራቸው ሲንቀሳቀስ እንደነበር ማንም አያይም። እኔ እንዲታይ የምፈልገው ደሞ በትክክል እሱ ነው።

ስለዚ ዲዛይኑ ተቀየረ። ሰሌዳው በአግድም ነው ሚነበበው፣ አንድ ዓመት አንድ ሴንቲ ሜትር። ከ1840 እስከ 2025 ስትቆጥሩ 185 ሴንቲ ነው፣ በግራ 30 ሴንቲ ለድሮው ዘመን እተዋለሁ፣ በቀኝ 29 ይተርፋል። መሬቱን በአራት ረድፍ ከፈልኩት፦ ላይ ሰሜን ዌልስ፣ ቀጥሎ መሀልና ምዕራብ፣ ቀጥሎ ስዋንዚና አካባቢዋ፣ ታች ካርዲፍና ኒውፖርት ከሄርፎርድሻየር ጋር (ሄርፎርድሻየር እንግሊዝ ውስጥ ያለ አውራጃ ነው ግን ከድሮ ጀምሮ ከዚሁ ጋር ነው ሚሄደው)። ረድፉ መሬት ነው፣ ቀለሙ ሀገረ ስብከት ነው፣ ስሙ በላዩ ይጻፋል። መሬት አይንቀሳቀስም ቀለሙ ነው ሚቀያየረው።

እሁድ፣ ከቅዳሴ በኋላ

ጋሼን አማከርኳቸው። ጋሼ አዲስ አበባ ዕድሜ ልካቸውን አናጢ የነበሩ ሰው ናቸው፣ አሁን እዚህ ልጃቸው ጋ ነው ሚኖሩት። ንድፉን በወረቀት አሳየኋቸውና መነጽራቸውን አውልቀው አዩት።

"ይሄ ቡኒ ምንድነው?"

"ቪካሪያት ነው ጋሼ። 1840።"

"እንደ ሐዋሳው? እንደ ሐረሩ?"

በትክክል። ይሄን እዚህ አገር ላሉ ሰዎች ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ነው ሚወስድብኝ፣ ጋሼ ግን በአንድ ቃል ገባቸው፣ ምክንያቱም እኛ አገር የሐዋሳ የሐረር የጂማ ቦንጋ እየተባለ የለመድነው ነገር ነው፦ ሙሉ ሀገረ ስብከት ለመሆን ገና ያልደረሰ፣ በሮም ስም በሐዋርያዊ እንደራሴ የሚመራ አካባቢ። ከተሐድሶው ዘመን ወዲህ እንግሊዝና ዌልስ ለካቶሊኮች የስብከተ ወንጌል አገር ነበሩ፣ እስከ 1908 ድረስ እንኳ ጉዳያቸውን ሮም ውስጥ የሚያየው የተልእኮ አገሮችን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ነው። በ1688 አገሩ በአራት ሲከፈል ዌልስ በምዕራቡ ክፍል ውስጥ ነበረች፣ በ1840 አራቱ ስምንት ሲሆኑ ዌልስ ራሷን ችላ ወጣች፣ እንደራሴ ሆነው የተሾሙትም ቤኔዲክታዊው መነኩሴ ቶማስ ጆሴፍ ብራውን ናቸው።

ጋሼ ወዲያው "ታድያ የአቡነ ያዕቆብ ዘመን ሰው ናቸዋ" አሉ። ናቸው! ጻድቁ አቡነ ያዕቆብ (ዩስቲኖ ደ ያዕቆቢስ) በ1839 ነው አገራችን የገቡት፣ አቡነ ማስያስ በ1846 ለኦሮሞ አገር እንደራሴ ሆነው ተሾሙ፣ በ1849 ደሞ ምጽዋ ላይ አቡነ ያዕቆብን ጵጵስና የቀቡት እሳቸው ናቸው። ማዕረጉ ያው፣ የበላይ መሥሪያ ቤቱም ያው። ጋሼ ሰሌዳው ላይ በትንሹ ይግባ አሉኝ፣ እኔ ግን እምቢ አልኩ፣ ሰሌዳው የዌልስ ነው። ለኛ ሰዎች በአማርኛ አንድ ገጽ ለብቻ እጽፋለሁ እሱ ላይ ይገባል። ትንሽ ቅር አላቸው።

ሰኞ ማታ

ፕራይመር ሁለት ጊዜ ቀባሁ፣ በመሀሉ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኩት። ኮምፔንሳቶ ሲረጥብ ቃጫው ይነሳል፣ በመሀል ካልፈተጋችሁት ቀጭን ፊደል አይወጣበትም።

ረቡዕ፣ እርሳስና ቴፕ

መስመሮቹን አሰመርኩ። ጠንካራ ሥራ የነበረው 1850 ላይ ነው። መስከረም 29 ቀን 1850 ፒዮስ 9ኛ በእንግሊዝና በዌልስ የጳጳሳትን መንበር መልሰው ሲያቆሙ ዌልስን አንድ አላደረጓትም፣ ለሁለት ቆረጧት። ደቡቡ ከሄርፎርድሻየር ጋር የኒውፖርትና ሜኔቪያ ሀገረ ስብከት ሆነ፣ ሰሜኑ ግን እንግሊዝ ውስጥ ላለው ለሽሩዝበሪ ተሰጠ። እና ሰሌዳው ላይ የላይኛው ረድፍ ከ1850 እስከ 1895 ብጫ ነው፣ ለብቻው፣ ሲታይ ከሌላ ሰሌዳ ተቆርጦ የተለጠፈ ነው ሚመስለው። እንደዛ መምሰሉን ወድጄዋለሁ።

ደሞ እዚህ ጋ ስም ይምታታል። የደቡቡ ጳጳስ ያው ቶማስ ብራውን ሆነው ቀጠሉ፣ የሽሩዝበሪው የመጀመሪያ ጳጳስም ብራውን ናቸው፣ ጄምስ ብራውን። ላይም ብራውን ታችም ብራውን፣ በሙሉ ስም ከመጻፍ ውጪ አማራጭ የለም።

ቴፕን በተመለከተ ለሚሞክር ሰው፦ ቴፑን ከለጠፋችሁ በኋላ ጠርዙን መጀመሪያ በዛው በነጩ ቀለም ቀቡት። ነጩ ገብቶ ቀዳዳውን ይደፍነዋል፣ ከዛ ቀዩን ስትቀቡበት ወደ ውስጥ ሚገባበት ቦታ የለውም፣ ጠርዙ እንደ ምላጭ ይወጣል።

ቅዳሜ፣ ብራውንና ሄድሊ

ቀዩ ገባ፣ የኒውፖርት በኋላም የካርዲፍ ቀለም ማለት ነው። ቶማስ ብራውን ከ1840 እስከ 1880 ናቸው፣ 40 ሴንቲ፣ በሰሌዳው ላይ ረጅሙ ስም የሳቸው ነው። መቀመጫቸው ዌልስ ውስጥ እንኳ አልነበረም፣ ሄርፎርድ አጠገብ ነበር፣ ካቴድራላቸውም እዛው ያለው የቤልሞንት ገዳም ቤተ ክርስቲያን ነበር፣ የካቴድራሉ ካህናትም መነኮሳቱ ራሳቸው።

ብዙ ሰው ብራውንን ካወቃቸውም በአንድ ነገር ነው። በ1859 እንግሊዛዊው ካህን ጆን ሄንሪ ኒውማን በእምነት ትምህርት ጉዳይ ምእመናንም ሊጠየቁ ይገባል የሚል ጽሑፍ ሲያወጡ ለሮም የከሰሷቸው ብራውን ናቸው። ኒውማን ከዛ በኋላ ለዓመታት ሮም ዘንድ በጥርጣሬ ዓይን ነው የታዩት። በ1879 ግን ካርዲናል ተደረጉ፣ ብራውን ይቺን አይተው ነው በማግስቱ ዓመት የሞቱት፣ በ2019 ደሞ ኒውማን ቅዱስ ተባሉ። ይሄን ሰሌዳው ላይ ልጻፈው አልጻፈው ብዬ አሰብኩ። ጻፍኩት፣ በትንሽ ፊደል፣ ምክንያቱም 40 ሴንቲ ባዶ ቀለም ላይ "ተሾሙ፣ ሞቱ" ብቻ ማለት ሰውን አያሳይም።

ቀጥሎ ጆን ከዝበርት ሄድሊ፣ 1881–1915፣ እሳቸውም ቤኔዲክታዊ፣ 34 ሴንቲ። ሁለት መነኮሳት ብቻ 75 ዓመት! ከዛ ወዲህ ያለው ሁሉ ጥቅጥቅ ያለ ነው።

ማክሰኞ፣ ሞስቲን

አረንጓዴው ጀመረ። በ1895 ከግላሞርጋንና ከመንማውዝሻየር በቀር ዌልስ በሙሉ ተሰብስቦ ቪካሪያት ሆነ፣ ሰሜኑ ከሽሩዝበሪ ወጣ ምዕራቡ ከኒውፖርት ወጣ፣ በ1898 ሜኔቪያ በሚል ስም ሙሉ ሀገረ ስብከት ሆነ። ኒውፖርት ኒውፖርት ብቻ ሆኖ ቀረ። ስለዚ የላይኞቹ ሁለት ረድፎች ለሦስት ሴንቲ ተመልሰው ቡኒ ይሆናሉ ከዛ አረንጓዴ። ወደ ኋላ የተመለሰ ይመስላል፣ በማዕረግም ካየነው ተመልሷል፣ ሀገረ ስብከት የነበረ መሬት ቪካሪያት ሆነ።

የተሾሙት ፍራንሲስ ሞስቲን ናቸው፣ ፍሊንትሻየር ውስጥ ታላከር ከሚባል ቦታ፣ በስደቱ ዘመን ሁሉ ካቶሊክ ሆኖ ከቆየ የባላባት ቤት የተወለዱ፣ ሲቀቡ 35 ዓመታቸው ነበር።

ጋሼ ቀለሙ እንዴት እንደወጣ ሊያዩ መጥተው ነበር፣ በጣታቸው እየተከተሉ ሄደው 1921 ላይ ቆሙ። "አንተ፣ እኚህ ሰው ላይ ነበሩ፣ ታች ምን ያደርጋሉ?" ሞስቲን በ1921 ከሜኔቪያ ተነስተው የካርዲፍ ሊቀ ጳጳስ ሆኑ፣ እስከ 1939 ድረስ። ካርዲፍ በ1916 ነው ኒውፖርትን ተክቶ የሊቀ ጳጳስ መንበር የሆነው፣ የመጀመሪያው ሊቀ ጳጳስ ቢልስቦሮ ሲሆኑ ከሞሪሸስ ከፖርት ሉዊስ ነው የመጡት፣ አራት ዓመት ቆይተው በ1920 ለቀቁ። ለጋሼ ይሄን ስነግራቸው "እና ላዩን ማን ያዘው?" አሉኝ፣ ጥያቄው ሥራ ፈጠረብኝ። ማንም፣ ሞስቲን ራሳቸው ናቸው ሐዋርያዊ አስተዳዳሪ (ጳጳስ እስኪሾም በጊዜያዊነት የሚጠብቅ) ሆነው እስከ 1926 የያዙት። እሱን አምስት ሴንቲ አረንጓዴ ሙሉ ልቀባው አልፈለግኩም፣ ነጭ ትቼ በቀጭን አረንጓዴ ሰያፍ መስመር ሞላሁት። ጳጳስ የለም፣ ግን ባዶም አይደለም።

ከዛ ወዲህ መንበር ክፍት የሆነበትን ሁሉ ነጭ ተውኩት። ቀረብ ብሎ ሚያይ ሰው ሜኔቪያ ረድፍ ላይ 1935፣ ከ1940 ወደ 1941፣ ከ1946 ወደ 1947 ስንጥቆቹን ያያል። ፍራንሲስ ቮን በ1935 ሞቱ (የካርዲናል ኸርበርት ቮን የወንድም ልጅ ናቸው)፣ ማይክል ማክግራ አምስት ዓመት ቆይተው ወደ ካርዲፍ ሄዱ፣ ዳንኤል ሃነን በ1941 ገብተው በ1946 ሞቱ። ማክግራ ካርዲፍ ሲገቡ ጦርነት ነው፣ በመጋቢት 1941 የቅዱስ ዳዊት ካቴድራል በቦምብ ተመታ፣ ተሠርቶ የተከፈተው በ1959 ነው፣ ማለት ሊቀ ጳጳስ ከነበሩባቸው 21 ዓመታት አብዛኛውን ያለ ካቴድራል ነው ያሳለፉት።

ሐሙስ፣ ጠባቧ ክፍል

ጆን ፔቲት 1947–1972፣ 25 ሴንቲ፣ ቀላል። ላንግተን ፎክስ 1972–1981፣ ደህና። ከዛ ጆን አሎይሲየስ ዋርድ 1981–1983፣ ሁለት ሴንቲ! ፊደሉን አቁሜ ከታች ወደ ላይ ጻፍኩት፣ በላይኞቹ ሁለት ረድፎች ላይ ተዘርግቶ በጭንቅ ገባ።

ዋርድም እንደ ሞስቲንና እንደ ማክግራ ከሜኔቪያ ወደ ካርዲፍ ነው የሄዱት። ሦስት ሰው፣ ሦስት ቀስት ወደ ታች። ቀስቶቹን ካሰመርኩ በኋላ ነው የታየኝ፣ ሜኔቪያ ለካርዲፍ እንደ መሰላል ነበረች። ካርዲፍ ላይ ከዋርድ በፊት የነበሩት ጆን መርፊ ግን ከሽሩዝበሪ ናቸው፣ እሳቸው ከሰሌዳው ውጪ ከላይ ነው ሚገቡት።

የዋርድ መጨረሻ ላይ ምን እንደሚጻፍ ከቆሞሱ ጋ ተነጋገርን። ልጆችን የበደሉ ካህናትን ጉዳይ በያዙበት መንገድ ከባድ ትችት ደርሶባቸው በ2001 ነው የለቀቁት። እኔ ይጻፍ ነው ያልኩት፣ የኒውማንን ክስ ጽፌ ይሄን ብዘል ሰሌዳው ጌጥ ይሆናል። ቆሞሱ ትንሽ ዝም ብለው "ጻፈው፣ ግን በአጭር" አሉ። ተጻፈ።

እና 1987። ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ ጥቁር መስመር። ከላይኛው ረድፍ አረንጓዴው ይቆምና ሰማያዊ ይጀምራል፣ የሃኒጋን ስም ግን ሳይቋረጥ በሁለቱም ቀለም ላይ ያልፋል፣ ግማሹ አረንጓዴ ላይ ግማሹ ሰማያዊ ላይ። ሦስተኛው ረድፍ፣ የኛው የስዋንዚ ረድፍ፣ ከቀይ ወደ አረንጓዴ። ስሙ ላይ ያለውን ነጭ ፊደል በጣም በቀጭን ብሩሽ ነው የሠራሁት፣ ሰማያዊው ላይ ሲገባ ቀለሙ ስለሚያነሳው ሁለት ጊዜ መድገም አስፈለገ። ከሰሌዳው ሁሉ እቺን አሥራ አንድ ሴንቲ ነው የምወዳት።

እሁድ

ከ1987 ወዲህ ያሉትን ሰው ራሱ ያስታውሳቸዋል፣ ስለዚ አስተያየት በዝቷል። ዳንኤል መሊንስ አየርላንድ ተወልደው ዌልሽ ቋንቋ አቀላጥፈው የተማሩ ሰው ናቸው፣ ከሳቸው ቀጥሎ በ2001 ማርክ ጃባሌ፣ እስክንድርያ ግብጽ የተወለዱ፣ የቤልሞንት አበምኔት የነበሩ። ቤልሞንት እንደገና! ገዳሙ ካቴድራል መሆኑ ካበቃ ከስንት ዘመን በኋላ ጳጳስ ሰጠ። ከዛ በ2008 ቶም በርንስ መጡ፣ በፊት የጦር ሠራዊቱ ጳጳስ ነበሩ፣ እስከ 2019።

አንድ እናት ቡና እየጠጡ "ካቴድራሎቹን ሳልልን" ስላሉኝ ከየረድፉ ዳር ትንንሽ ሥዕል ጨመርኩ። ስሠራቸው ሁሉም ይመሳሰላሉ፣ ሹል መስኮት ሹል ጣራ። ይመሳሰላሉም፣ የአንድ ቤተሰብ ሥራ ናቸው፦ ቤልሞንትና ሬክሰም የአርክቴክቱ ኤድዋርድ ዌልቢ ፒዩጂን፣ ካርዲፍና ስዋንዚ ከሳቸው በኋላ የቀጠለው የቤተሰቡ ድርጅት። መሬቱ እንደዛ እየተቆራረጠ ጳጳሱ የትም ቢቀመጥ ከፒዩጂኖች ጣራ ስር ነው።

ረቡዕ ማታ፣ የግራው ጥግ

30 ሴንቲዋ። እዚህ ስኬል የለም፣ የተቆረጠ መስመር ምልክት አደረግኩ። የቅዱስ ዳዊት መንበር ከጥንት ጀምሮ ሜኔቪያ ነው ሚባለው፣ ከተሐድሶው በኋላ ግን ጥንታዊው ካቴድራል የአንግሊካኖች ሆነ፣ ዛሬም የነሱ ነው፣ የራሳቸው የጳጳሳት ዝርዝርም አላቸው፣ ሁለቱን ማምታታት ቀላል ነው። እኔ የመጨረሻዎቹን ሁለት ካቶሊኮች ብቻ ነው የጻፍኩት፦ በ1559 ከቅዱስ ዳዊት መንበር የተነሱት ሄንሪ ሞርጋን፣ እና ሰሜን ዌልስ ያለው የቅዱስ አሳፍ መንበር ጳጳስ ቶማስ ጎልድዌል። ጎልድዌል አምልጠው ወጡ፣ በትሬንት ጉባኤ ተቀመጡ፣ በ1585 ሮም ውስጥ ሞቱ፣ ከድሮዎቹ ጳጳሳት የመጨረሻው ናቸው።

ከሳቸው እስከ ብራውን ያለውን ለመሙላት ቦታም የለኝ። አንድ ነገር ግን ጻፍኩ፣ በ1851 ፓርላማ ካቶሊክ ጳጳስ በአገሩ ውስጥ ባለ ቦታ ስም ራሱን ከጠራ 100 ፓውንድ ይቀጣል የሚል ሕግ አወጣ። አንድም ሰው አልተከሰሰበትም፣ በ1871 ተሻረ። ቀዩ ረድፍ ላይ "የኒውፖርትና ሜኔቪያ ጳጳስ" የሚለው ለ20 ዓመት በሕግ የተከለከለ ማዕረግ ነው ማለት ነው።

ቅዳሜ፣ መጨረሻው

የቀኙ ጫፍ። ከ2019 ጀምሮ ሜኔቪያን የካርዲፉ ሊቀ ጳጳስ ጆርጅ ስታክ በአስተዳዳሪነት ያዙት፣ እንደ ሞስቲኑ ሰያፍ መስመር። በ2022 ማርክ ኦቱል ከፕሊመዝ መጥተው የሁለቱም ሆኑ፣ የካርዲፍ ሊቀ ጳጳስና የሜኔቪያ ጳጳስ በአንድ ሰው፣ ሁለት ሀገረ ስብከት ግን። በመስከረም 12 ቀን 2024 ሁለቱ ተዋሕደው ካርዲፍ ሜኔቪያ የሚባል አንድ ሊቀ ጳጳስ ያለው ሀገረ ስብከት ሆነ። ስለዚ ከታች ያሉት ሦስቱ ረድፎች ቀይና አረንጓዴ ተሸንትረው አብረው ይሄዳሉ። ሬክሰም ለብቻው ሰማያዊ፦ ኤድዊን ሪገን ከ1994 እስከ 2012፣ ከ2012 ፒተር ብሪግናል።

ጋሼ ሽንትሩን አይተው "ይሄማ በ1850 የነበረው ነው" አሉ። ሄጄ በሜትር እንደምለካ ሰው ቀረብ ብዬ አየሁት፣ ልክ ናቸው፣ ደቡቡ በሙሉ ከነሄርፎርድሻየሩ አንድ ሆነ ሰሜኑ ለብቻው ቀረ፣ የብራውን ድንበር ማለት ነው፣ ልዩነቱ ያኔ ሰሜኑ የሽሩዝበሪ መሆኑ ብቻ።

በቀኝ የተረፈው 29 ሴንቲ ነጭ ይቆያል። አንድ ሰው አበባ ሳልበት ብሎኝ ነበር፣ አይሆንም፣ የሚመጣው ስም ይጻፍበታል።

ቫርኒሹ ደርቋል። ሰሌዳው ሃያ ኪሎ ያልፋል፣ የአዳራሹ ግድግዳ ደሞ ከላይ ጂፕሰም ነው፣ ስለዚ ብሎን በቀጥታ አይዘውም፣ ጋሼ እንዳሉት ከኋላ ያለውን ቋሚ እንጨት ፈልገን 45 ዲግሪ የተቆረጠ እንጨት እዛ ላይ እንመታና ሰሌዳውን እናንጠለጥለዋለን። አርብ ማታ ነው ሚሰቀለው፣ ቅዳሜ አዳራሹ ለክርስትና ግብዣ ተይዟል። መሰላል አለ፣ ሚይዝልን ሁለት ሰው ነው የቀረው።